አስራ አንዱን የት ላይ እንጫን? በደብረ ብርሃን መጋዘን የተቀረጸ የአንድ ሜታል ባንድ የመመለሻ አልበም

ባንዱን በስም አንጠራውም። አራት ሰዎች ናቸው፤ ድራመሩና ጊታሪስቱ ደብረ ብርሃን፣ ድምፃዊው ሸዋ ሮቢት፣ ቤዝ ተጫዋቹ ውጭ አገር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው አንድ ካሴት ቀርጸው ተበታተኑ። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው፣ ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር፣ ስድስት ዘፈን ያለው የ47 ደቂቃ አልበም አወጡ። ሦስቱ ዘፈኖች ከድሮው ካሴት የመጡ ናቸው፣ ሦስቱ አዲስ። ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሜታል ነው፤ ከባድ ጊታር፣ የሚለዋወጥ ምት፣ ረጃጅም ዘፈን።

በዚህ የሙዚቃ ዓይነት ረጅም መለያየት እንግዳ ነገር አይደለም። የፍሎሪዳው ሲኒክ የመጀመሪያ አልበሙን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 አውጥቶ ሁለተኛው የመጣው በ2008 ነው። የካሊፎርኒያው ሳይኮቲክ ዋልትዝ ደግሞ ከ1996 እስከ 2020 አዲስ አልበም አልነበረውም። ከእንዲህ ያለ ክፍተት በኋላ ሰዎች መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ጣትና ስለ ድምፅ ነው፤ ጣቱ ይፈጥናል ወይ፣ ድምፁ ይወጣል ወይ። በደብረ ብርሃኑ ባንድ ላይ ያየነው ሌላ ነው። ጣት በሁለት ወር ልምምድ ተመለሰ። የጠፋው የጋራ ቆጠራ ነበር፣ እሱን ለመመለስ ደግሞ ከማይክ በፊት ብዙ ሥራ ጠየቀ።

ሁለት ካሴት፣ ሁለት ፍጥነት

አራቱም ከመገናኘታቸው በፊት በየቤታቸው የድሮውን ካሴት እየሰሙ ተለማምደዋል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጊታሩና ቤዙ አልገጠሙም፤ ልዩነቱ ግማሽ ሰሚቶን ያህል ነው (ሰሚቶን በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት ነው)። ድራመሩ ዘፈኑን በደቂቃ 136 ምት ይመታዋል፣ ቤዝ ተጫዋቹ 132 ነው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ከካሴት ነው የሰሙት፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሮጥ አለበት። የቴፑ ጎማ ሲላላ ወይም ሞተሩ ሲያረጅ ይህ ፍጥነት ይለወጣል፤ ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ደግሞ የሁለት ቴፕ ስህተት ይደመራል። 3 በመቶ የፈጠነ ቅጂ ድምፁን በግማሽ ሰሚቶን ከፍ ያደርገዋል፣ 132ቱንም ምት 136 ያደርሰዋል። ጊታሪስቱ ክሮቹን በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ሳይሆን በካሴቱ ድምፅ ላይ ስላስተካከለ ስህተቱን ጊታሩ ላይ ይዞት መጣ።

ትክክለኛው ፍጥነት የተገኘው ከመብራት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ስለሆነ በደንብ ያልተሸፈነ ገመድ በቀረጻ ላይ የ50 እና የ100 ኸርዝ እምምታ ይጥላል። በሁለተኛው ዘፈን መግቢያ ላይ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ሰከንድ ያህል ይህ እምምታ ብቻውን ይሰማል። ቅጂዎቹ ወደ ኮምፒውተር ገብተው በድምፅ መተንተኛ ሲታዩ በአንዱ 100፣ በሌላው 103 ላይ ጫፍ አለ። እንግዲህ ሁለተኛው 3 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። አሁን ካሴቱን የሚያጫውተው ቴፕም የራሱን እምምታ ይጨምራል፣ የእሱ ደግሞ ሁልጊዜ 100 ላይ ነው። ስለዚህ ቴፑን በባትሪ ማጫወት፣ ካልሆነም ካሴቱን አቁሞ የቀረውን ድምፅ ማየት ያስፈልጋል፤ ካሴቱ ቆሞም የሚሰማው የቴፑ ነው። የድሮው ቀረጻ በጀነሬተር የተሠራ ከሆነ ዘዴው አያገለግልም፣ ምክንያቱም ጀነሬተር 50 ላይ አይረጋም። ባንዱ ስሌቱን በሌላ መንገድ አመሳከረ። በካሴቱ ላይ ኪቦርድ ነበር፤ ኪቦርድ እንደ ጊታር በጆሮ አይቃኝም፣ ፋብሪካው በሰጠው ላይ ይቆማል፣ ኤ የሚባለው ድምፅ 440 ኸርዝ ሆኖ። ፈጣኑ ቅጂ በ3 በመቶ ሲዘገይ የኪቦርዱ ኤ 440 ላይ አረፈ። 132ቱ ጸደቀ፣ ጊታሩም ወደ ቱነር ተመለሰ።

አስራ አንዱ

የፍጥነቱ ጠብ በአንድ ከሰዓት አለቀ። የሦስተኛው ዘፈን ዋና ሪፍ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ግን አንድ ሳምንት ወሰደ። ሪፉ በ11 ስምንተኛ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ባር (የምት ዙር) አስራ አንድ አጫጭር ምት አለው ማለት ነው። ጊታሪስቱ 4፣ 4፣ 3 እያለ ይቆጥረዋል፤ ጫናው በ1ኛው፣ በ5ኛውና በ9ኛው ላይ ያርፋል። ድራመሩ 3፣ 3፣ 3፣ 2 ይላል፤ የእሱ ጫና በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው ላይ ነው። እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይጨርሳሉ፣ መሃል ላይ አንድም ቦታ አይገናኙም። በወጣትነታቸው ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ስለሚጫወቱ አንዱ ሳያውቀው ወደ ሌላው ይጠጋ ነበር። ለየብቻ ሲለማመዱ ያ መጠጋጋት ጠፋ፣ እያንዳንዱም የራሱን ቆጠራ ብቻ ይዞ ቀረ።

የተመረጠው 3፣ 3፣ 3፣ 2 ነው፣ የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ የሚደነቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምቶች ማንኛውም አማርኛ ሰሚ ከልጅነቱ የሚያውቀው ችክችካ ናቸው። ትከሻ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ምት ጎድሎ ያደናቅፋል። ጊታሪስቱ ቀኝ እጁን እንደገና አስተማረ፣ በየሦስቱ ላይ ወደ ታች እየመታ። የእሱ 4፣ 4፣ 3 አልተጣለም፤ በዘፈኑ መጨረሻ ስምንት ባር ላይ ጊታሩ ብቻውን ወደዚያ ይሻገራል፣ ድራሙ ባለበት ይቀራል። ሰሚው መሬቱ የከዳው የሚመስለው እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ ለየዘፈኑ የቴምፖ (የፍጥነት) ካርታ ተሠራ። በአንድ ወረቀት ላይ የክፍሉ ስም፣ የባሩ ብዛት፣ የምቱ ዓይነት፣ አከፋፈሉና ፍጥነቱ በተራ ይጻፋል፤ ያው ካርታ በኮምፒውተሩ ላይ ክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ምት ጠባቂ ድምፅ) ይሆናል። ክሊኩ በ11 ስምንተኛ ውስጥ ሩብ ሩቡን ቢመታ ከባሩ ጋር ስለማይገጥም ሁለተኛው ባር ላይ ተገልብጦ ይገኛል። ስለዚህ ስምንተኛውን ሁሉ እንዲመታ፣ በየክፍልፋዩ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ። አንድ ዘፈን በካሴቱ ላይ ከ132 ጀምሮ አዝማቹ ላይ ወደ 128 ይወርዳል። መጀመሪያ ሁሉንም 132 አድርገውት ነበር፣ አዝማቹ ግን ግጥሙን አላስተነፍስ አለ። ድሮ በስሜት የቀነሱትን አሁን በካርታው ላይ ጽፈው መለሱት።

አንቺሆዬ በተጣመመ ጊታር

ከአዲሶቹ ዘፈኖች አንዱ በአንቺሆዬ ቅኝት ነው። አንቺሆዬ ለሜታል የተፈጠረ ይመስላል፣ ጠባብና ጨለማ እርምጃዎች አሉት፤ ነገር ግን ጊታሪስቶች የሚወዱት የአንደኛና የአምስተኛ ድምፅ ጥምር በመነሻው ላይ አይገኝበትም። ከሲ ብንጀምር ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። ጂ የለም። በመነሻው ላይ እንደ ልማድ ሲ እና ጂ የመታ ሰው ከቅኝቱ ወጥቷል። ይህ ጥምር ሳይወጣ የሚገኘው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በኤፍ ላይ ከሲ ጋር፣ በጂ ፍላት ላይ ከዲ ፍላት ጋር።

ባንዱ ያገኘው መፍትሔ ቆንጆ ነው። የሰባት ክር ጊታሩን ወፍራም ክር ወደ ኤ አወረዱት፣ ዘፈኑን ከኢ አስነሡት። ያን ጊዜ ቅኝቱ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ የተፈቀዱት ሁለት ጥምሮች ደግሞ በኤ እና በቢ ፍላት ላይ ያርፋሉ፣ ማለትም በክፍት ክርና በመጀመሪያው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባለው የመጀመሪያ ክፍልፋይ)። አንድ ጣት ይበቃል። ሪፉ እንዳለ በቅኝቱ ውስጥ ነው፣ እጁም ነፃ ነው።

ጠባቦቹን ድምፆች፣ ለምሳሌ ኢ እና ኤፍን፣ በአንድ ጊታር ላይ አብሮ መምታት አይሆንም። ድምፁ ሲጣመም (በዲስቶርሽን ሲሻክር) ሁለቱ ተደባልቀው ሌሎች ድምፆች ይወልዳሉ፣ ውጤቱም ጭቃ ነው። ስለዚህ አንዱ ጊታር ኢን፣ ሌላው ኤፍን ለየብቻ ቀርጾ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ተለየ። ግጭቱ በአየር ላይ ሲሆን ይጣፍጣል።

በክሩ ውፍረትም አንድ ስህተት ነበር። በተለመደው የ25.5 ኢንች ጊታር ላይ ውፍረቱ 0.062 ኢንች የሆነ ክር ኤ ላይ ሲወርድ ይላላል፤ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ወደ ላይ ዘልሎ ከዚያ ይወርዳል፣ ሪፉም ሁሌ የተበላሸ ይመስላል። 0.068 ሲገባ ረጋ። ግን ወፍራሙ ክር በአንገቱ ጫፍ ካለው ቦይ ስለማይገባ ቦዩን በጥቂቱ መሞረድ፣ በድልድዩ በኩልም ማረፊያውን ወደ ኋላ መሳብ አስፈለገ።

መጋዘኑ

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ስቱዲዮ ተከራይቶ አዲስ አበባ መሰንበት ስላልተቻለ ድራሙ የተቀረጸው በባዶ የእህል መጋዘን ነው፤ 12 በ7 ሜትር፣ ከፍታው 4.5፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። በክረምት የማይታሰብ ነው፤ ዝናቡ ከድራሙ ይበልጣል። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ሆነ፣ ከሰዓት ላይ ነፋሱ ቆርቆሮውን ስለሚያንኳኳ ማለዳና ምሽት ብቻ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

እጅ ሲጨበጨብ በትይዩ ግድግዳዎች መካከል ዝዝዝ የሚል መልስ ይመጣ ነበር። ለዚህ የአካባቢው መድኃኒት ባና ነው። የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራና ወፍራም ነው፣ ከእሱ የተሠራ ባና ከተራ ብርድ ልብስ የበለጠ ድምፅ ይይዛል። 14 ባና ተሰበሰበ። መጀመሪያ ሁሉንም ግድግዳው ላይ ለጥፈው ሰቀሉ፤ ይሄ ትልቁ ስህተት ነበር። ቀጭኑ ድምፅ ሞተ፣ ሲምባሉ ደነዘዘ፣ ጉምጉምታው ግን እንዳለ ቀረ። የተለጠፈ ጨርቅ የሚይዘው ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ባናውን ከግድግዳ 25 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ከ340 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ምክንያቱም የአየር እንቅስቃሴ የሚበረታው ከግድግዳው የሞገዱን ሩብ ያህል ርቆ ነው። ስለዚህ በእንጨት ተወጥረው ከግድግዳ ራቁ፣ ግማሾቹም ተነሡ፤ የክፍሉ አንድ ወገን ሕያው ሆኖ እንዲቀር።

ለወፍራሙ ድምፅ ባና አይበቃም። በአራቱም ማዕዘን ጭድ የተሞላ ማዳበሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 2.4 ሜትር ከፍታ ድረስ ተደረደረ። የጭዱ አቧራ ወደ ማይክ ስለሚገባ ማይክ በማይሠራበት ሰዓት ሁሉ መሸፈን ነበረበት።

ስለ ብርዱ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ይጥላል። በባና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ፣ ዙሪያውም ጭድ ነው። ባንዱ ሰውና ጊታር የሚሞቁበትን ሌላ ክፍል ያዘ። ጊታሩን ከብርድ አምጥቶ ወዲያው መቅረጽ አይቻልም፤ የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ድምፁ ይወጣል፣ ሲሞቅ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት ይጠበቅለታል፣ በየቀረጻው መካከልም ቱነር ይታያል።

ስምንት መግቢያ ባለው ሳውንድ ካርድ ማይኮቹ ለድራሙ ክፍሎች እንዲህ ተከፋፈሉ፤ ኪክ 1፣ ስኔር 1፣ ቶም 2፣ ፍሎር ቶም 1፣ ኦቨርሄድ (ከድራሙ በላይ የሚሰቀል) 2፣ ለመጋዘኑ ድምፅ 1። ሁለቱ ኦቨርሄዶች ከስኔሩ መሃል እኩል 1 ሜትር እንዲርቁ በሲባጎ ተለኩ። በዓይን መገመት ያሳስታል፤ 34 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ያም ስኔሩን ያሳሳዋል። ክሊኩ ከጆሮ ማዳመጫ እያመለጠ ሲምባሉ ቀስ ብሎ በሚጠፋባቸው መጨረሻዎች ላይ ይሰማ ነበር፤ በካርታው ላይ ከመጨረሻው ምት በኋላ ክሊኩ እንዲጠፋ ተደረገ።

መብራት ሲሄድ

ጀነሬተሩ ላይ 2 ኪሎ ዋት ተጽፏል። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሞተሩ ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ 1.4 ያህል ይቀረዋል። በዚህ ላይ 1.5 ኪሎ ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሰካ ጀነሬተሩን አነቀው ማለት ነው። አየሩ ስስ ሆኖ ቤንዚኑ ሳይቀነስ ሲቀር ደግሞ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን የቤንዚን ማሳለፊያ በጠበበ መቀየር ችግሩን ፈታ።

ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው መብራት ሞገዱ ስለተቆራረጠ የጊታር አምፕሊፋየሩ ይጮህበታል። ስለዚህ በመብራት መቆራረጥ ቀን ሥራው ተለወጠ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ፣ ሳውንድ ካርዱ በዩኤስቢ፣ ጊታሩም ያለ አምፕሊፋየር በቀጥታ ይገባል። ንጹሑ ድምፅ በኋላ ደህና መብራት ባለበት ቀን በአምፕሊፋየር ተጫውቶ እንደገና ተቀረጸ። የጊታሩ አብዛኛው ክፍል የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ድምፃዊው ላይ የደረሰውን ማንም አላሰበውም ነበር። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሞቃት ናት። ከዚያ በደብረ ሲና ዐቀበቱን በጣርማበር ወጥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 72 በመቶ ያህል ወደሆነበት ቦታ ነው የመጣው። ስምንት ባር በአንድ ትንፋሽ የሚይዘው ሰው አምስተኛው ላይ ያልቅበታል። ሦስት ቀን ቀድሞ ቢመጣም አልበቃውም። መጨረሻ ላይ ማይኩና ሳውንድ ካርዱ ወደ እሱ ወረዱ፤ ድምፁ ሸዋ ሮቢት በራሱ ክፍል፣ በልብስ በተሞላ ቁም ሣጥን ፊት ተቀረጸ። የአልበሙ ምርጥ ድምፅ ይሄ ነው ብለን እናምናለን። በአንቺሆዬው ዘፈን ላይ የድምፁን ትንንሽ መንሸራተቶች በኮምፒውተር ወደ ጊታሩ ፍሬት አለመጎተታቸውም ትክክል ነበር፤ ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው እሱ ነው።

ወረቀቱ

የድሮው ካሴት ላይ የነበረው ኪቦርድ ተጫዋች ወደ ባንዱ አልተመለሰም፣ ከሦስቱ የድሮ ዘፈኖች የሁለቱ ዜማ ግን የእሱም ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ምዝገባ አይጠብቅም፣ ሥራው ሲፈጠር ይጀምራል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በአመንጪው ዕድሜና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ከባንድ መውጣት ከዜማ ባለቤትነት አያስወጣም። ለየዘፈኑ አንድ ገጽ ተዘጋጀ፤ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ በመቶኛ። አምስቱም ፈረሙ፣ ምስክር ነበረ። ይህ የተደረገው ከቀረጻ በፊት ነው፣ ገና የሚካፈሉት ገንዘብ ሳይኖር፤ ስለዚህ በአንድ ምሽት አለቀ።

ማውጣቱ

የመጀመሪያው ማስተር (ለስርጭት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ) እስከ 7 ሉፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከዜሮ በታች ተጨምቆ ነበር። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ 14 ከዜሮ በታች ስለሚያመጣ 7 ዴሲቤል ዝቅ ይለዋል፤ የቀረው የተደፈጠጠ ድራም ብቻ ነው። ሁለተኛው ማስተር 10 ላይ ተሠራ፣ ጫፉም ከዜሮ 1 ዴሲቤል በታች ቆመ። ስኔሩ ተነፈሰ።

የባንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ተጽፎ ስለተላከ አከፋፋዩ ሦስት ባንድ አድርጎ አወጣው፣ ማስተካከሉም ሳምንታት ወሰደ። አንድ አጻጻፍ መርጦ በሽፋኑም በፋይሉም በአይኤስአርሲ (የቀረጻ መለያ ቁጥር) መዝገቡም ላይ ያንኑ መጠቀም ነበረባቸው።

ደብረ ብርሃን ላይ አልበሙ የተሸጠው በፍላሽ ነው፣ ክፍያው በቴሌብር። ሦስተኛውና አራተኛው ዘፈን ሳይቆራረጡ የሚያያዙ ናቸው። ኤምፒስሪ በፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ትንሽ ዝምታ ስለሚጨምር፣ የመኪና ማጫወቻም በሁለት ፋይል መካከል ስለሚቆም፣ መሻገሪያው ላይ ጉድጓድ ይሰማል። በፍላሹ ላይ ሁለቱ በአንድ ፋይል ሆኑ።

የአምስተኛው ዘፈን ድራም ባናው ገና ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በነበረበት ሳምንት የተቀረጸ ነው፣ ሲምባሉም እስከ ዛሬ ደንዝዟል። የቴምፖ ካርታው ስላለ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ድራሙ ብቻ እንደገና መቀረጽ ይችላል። ጭዱ በማዳበሪያው እንዳለ ተቀምጧል፤ ጥቅምት ሲገባ ይሠራል።